ቅቤዬን ያስመረመርኩበት የለገጣፎ ላቦራቶሪ

ቅቤ የምሸጠው ከለገጣፎ ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ሥራውን ከእናቴ ከተረከብኩ አሥራ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ለጋውን ከበሳሉ በጠረኑ፣ ውኃ የበዛበትን በመዳፌ አሽቼ እለያለሁ። ሙዝ የገባበትንም ምጣድ ላይ ጣል ሳደርገው ዝቃጩ ያሳብቅበታል። የፓልም ዘይት ግን አሸንፎኛል። ከደህና ቅቤ ጋር አብሮ ቀልጦ ሲረጋ ሽታውን ከቅቤው ይዋሳል። ባለፈው ዓመት ፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከአንድ አዲስ አቅራቢ አርባ ኪሎ ገዛሁ። የቆየች ደንበኛዬ "ሳነጥረው አረፋው አላማረኝም" ብላ መለሰችልኝ። በማግሥቱ ወደ ላቦራቶሪው ሄድኩ።

ሁለት ናሙና ይዤ ነበር፤ አንዱ የአቅራቢው፣ ሌላው አክስቴ ሸኖ ላይ ዓይኔ እያየ የናጠችው። የአንዱ ናሙና ምርመራ ዋጋ የሰባት ኪሎ ቅቤ ያህል ነው። ውድ ነው፤ አርባ ኪሎ ቅቤ እጁ ላይ ለቀረ ነጋዴ ግን አያስቆጭም።

ናሙናውን የተቀበለችኝ ወጣት ባለሙያ መሣሪያውን ሳታሳየኝ አልሸኘችኝም። የጋዝ ክሮማቶግራፊ ይባላል። ቅቤው ቀልጦ ይጣራል፤ ከዚያ ስቡ ሄክሴን በሚባል ስብ አሟሚ ፈሳሽ ይሟሟና ሜታኖል ከሚባል አልኮል ጋር ተዋህዶ በቀላሉ ወደሚተን መልክ ይለወጣል። ጠብታው የሚገባው በምድጃ ውስጥ ወደ ተጠቀለለ፣ ፀጉር የሚያህል ቀጭን ቱቦ ነው። ቱቦው ሲዘረጋ መቶ ሜትር ይሆናል። ምድጃው ቀስ በቀስ ሲሞቅ አጫጭሮቹ የስብ አሲዶች ቀድመው፣ ረጃጅሞቹ ዘግይተው ይወጣሉ። መጨረሻ ላይ እያንዳንዱ በሃይድሮጂን ነበልባል ሲቃጠል ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ጉብታ ይሥላል።

"እትዬ፣ ይቺን ይመልከቱ" አለችኝ፣ መጀመሪያ የወጣችውን ትንሽ ጉብታ በእርሳስ እየነካች። ቡቲሪክ አሲድ ናት። ስሟም ከቅቤ የመጣ ነው። በላም ቅቤ ስብ ውስጥ ከመቶ ከ3 እስከ 4 ያህል ትገኛለች፤ በፓልም ዘይት ውስጥ ግን የለችም። እኔ አሥራ ስድስት ዓመት በአፍንጫዬ ስፈልግ የኖርኩትን ነገር ነው በእርሳስ ጫፍ ያሳየችኝ።

የአቅራቢው ቅቤ ውጤት በዘጠነኛው ቀን መጣ። ከመቶ ቡቲሪክ 1.7፤ ፓልሚቲክና ሊኖሌይክ የሚባሉት ሌሎች የስብ አሲዶች ደግሞ 36.5 እና 6። የፓልም ዘይት ፓልሚቲኩ 44፣ ሊኖሌይኩ 10 ገደማ ስለሆነ ግማሽ በግማሽ መደባለቁን ወረቀቱ ይመሰክራል። አቅራቢው ወረቀቱን ሲያይ አልተከራከረኝም፤ ገንዘቤን መለሰ።

ችግሩ የአክስቴ ቅቤ ነበር። ቡቲሪኩ 0.9 ብሎ መጣ! ደሜ ፈላ። ላሟን አውቃታለሁ፤ ሲናጥም አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ቤቴ ሆኜ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግቼ አየሁ። በፓልም ዘይት ተበርዞ ቢሆን ሊኖሌይኩ ከፍ ማለት ነበረበት፤ እሱ ግን 2.2 ነው፣ ፓልሚቲኩም 29። ታዲያ ቡቲሪኩን ምን በላው? በማግሥቱ ተመልሼ ይህንኑ ጠየቅሁ። ልጅቱ ዝም ብላ መዝገቧን ገለበጠች። ያንን ናሙና ያዘጋጀው ሌላ ባልደረባዋ ነበር፤ ለማወፈር ብሎ ሄክሴኑን በናይትሮጂን እያነፈሰ አድርቆታል። ቡቲሪክ ሜታኖል ሲነካው በ102 ዲግሪ ገደማ የሚፈላ፣ እጅግ በቀላሉ የሚተን ነገር ስለሚሆን ከሄክሴኑ ጋር አብሮ በርሯል። "ጥፋቱ የእኛ ነው" አለችኝ። አዲስ ናሙና በተዘጋ ብልቃጥ አዘጋጅታ፣ ሳታደርቅ፣ ያለ ክፍያ ደገመችው። 3.5 ሆነ።

ስሕተት ሠርቶ ያላመካኘ ሰው ጋ እመለሳለሁ። ሆኖም ሊያስተካክሉት የሚገባ አለ። ወረቀቱ ላይ ቁጥሩ እንጂ ናሙናው እንዴት እንደተዘጋጀ አልተጻፈም። እኔ አክስቴን ስለማውቃት ተከራከርኩ፤ የማያውቅ ነጋዴ ቢሆን አንዲት ንጹሕ ገበሬ ሌባ ተብላ ትቀር ነበር። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዘጠኝ ቀኑም ረዝሟል። የጋዝ ሲሊንደር አልቆባቸው እንደነበር ነግረውኛል፤ ቅቤ ግን ገበያውን አይጠብቅም።

ለሚሄድ ሰው ሁለት ነገር ልንገር። ስቡ ተጣርቶ ስለሚመረመር ሙዝና ውኃ በዚህ ምርመራ አይታዩም፤ ለእነሱ የእርጥበትና የደረቅ ነገር መጠን ምርመራ ለብቻው ይጠየቃል። ላሟ የኑግ ፋጉሎ ስትበላ ወይም ክረምት ላይ ለምለም ሣር ስታገኝ ደግሞ ቁጥሮቹ ትንሽ ይንቀሳቀሳሉና ሊኖሌይክ በጥቂቱ ከፍ ስላለ ብቻ ማንንም አትወንጅሉ። ቡቲሪኩን፣ ፓልሚቲኩንና ሊኖሌይኩን አንድ ላይ እዩ።

ከፍልሰታ ፍቺ በፊት ሁለት ናሙና ይዤ እመለሳለሁ። የአዘገጃጀቱ ዘዴ በወረቀቱ ላይ እንደሚጻፍልኝ ልጅቱ ቃል ገብታልኛለች።