ኮራድ ኬኤ3005ዲ ፓወር ሰፕላይ፦ አልበራ ላለ የላፕቶፕ ቦርድ ያዋጣል?

ኬኤ3005ዲ ከ0 እስከ 30 ቮልት፣ እስከ 5 አምፒር የሚሰጥ ባለ ትራንስፎርመር ፓወር ሰፕላይ ነው። 30 ቮልት 5 አምፒር የሚል ርካሽ ዕቃ ገበያው ላይ ሞልቷል፤ ላፕቶፕ ለሚጠግን ሰው ልዩነቱ ስክሪኑ ላይ ነው። ርካሾቹ አብዛኛውን ጊዜ አምፒሩን ከነጥቡ በኋላ ሁለት አሃዝ ብቻ ያሳያሉ፤ ይህኛው ሦስት፣ ማለትም እስከ 1 ሚሊአምፒር። የሞተ ቦርድ የሚናገረው በዚያች በሦስተኛዋ አሃዝ ነው።

ባትሪው ይነቀል። 19 ቮልት፣ የከረንት ገደቡን 1 አምፒር አድርጋችሁ በቻርጀሩ ሶኬት በኩል ስጡት፤ ማብሪያውን ገና አትንኩ። 0.000 ከሆነ ኃይሉ ቦርዱ ውስጥ ጭራሽ አልገባም፦ ሶኬቱን፣ ፊውዙን፣ መግቢያው ላይ ያሉትን ሞስፌቶች (እንደ ማብሪያ ኃይሉን የሚከፍቱና የሚዘጉ ትራንዚስተሮች) እዩ። 0.003 ወይም 0.004 ላይ ከቆመ ብዙ ጊዜ ቻርጂንግ አይሲው (ቻርጁን የሚቆጣጠረው ቺፕ) ብቻ ነቅቷል፤ ሞስፌቶቹ አልተከፈቱም። ሁለት አሃዝ የሚያሳየው ርካሽ ዕቃ ሁለቱንም 0.00 ይላቸዋል፤ ለጠጋኝ ግን ፍጹም የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ከ0.010 እስከ 0.030 አካባቢ ካሳየ የ3 እና የ5 ቮልት መስመሮች ሳይኖሩ አይቀሩም፤ ኮይሎቻቸው (በየመስመሩ መውጫ ላይ ያሉት ጥቅል ሽቦዎች) ላይ በመልቲሜትር አረጋግጡ። ቁጥሩ እንደየቦርዱ ስለሚለያይ፣ የሚሠራ ተመሳሳይ ቦርድ ሲገኝ ንባቡን መዝግቦ ማስቀመጥ ነው።

ማብሪያው ሲነካ ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ ጥርጣሬው ወደ ማብሪያው መስመር፣ ወደ ኢሲው (የቦርዱን አነሳስ የሚቆጣጠረው ቺፕ) ወይም ወደ ባዮሱ (የማስነሻው ፕሮግራም) ይሄዳል። ጥቂት ከፍ ብሎ ወዲያው ከወረደ አንዱ መስመር ሾርት ነው፣ ማለትም ከግራውንድ (ከኔጌቲቩ) ጋር ተገናኝቷል፣ ወይም ቮልቱ መድረሱን የሚናገረውን የ«ደርሻለሁ» ምልክት አልሰጠም። ገና ሲሰካ ከረንቱ ገደቡን ነክቶ ቮልቱ ከወደቀ ደግሞ ዋናው የ19 ቮልት መስመር ሾርት ነው።

ሾርቱን ለማግኘት መሣሪያው ጥሩ ነው፤ ጥንቃቄውን ግን ራሱ አያውቅላችሁም። ቮልቱን ወደ 1፣ ከረንቱን ወደ 2 ወይም 3 አምፒር አድርጋችሁ በተበላሸው መስመር ላይ ስጡ፤ ከዚያ አልኮል ቀቡ። ቀድሞ የሚደርቅበት ቦታ ላይ ያለው ካፓሲተር ወይም ሞስፌት ነው ጥፋተኛው። ኦሲፒ (ከገደብ ያለፈ ከረንት መከላከያ) የሚለው ቁልፍ በዚህ ጊዜ መጥፋት አለበት፤ ካልጠፋ ገደቡ እንደተነካ መሣሪያው ኃይሉን ይቆርጣል። ከዚህ ሁሉ በፊት ከ19 ቮልቱ መስመር ወደ ፕሮሰሰሩ ኮይሎች ያለውን ኦም ለኩ። ከ19 ቮልቱ ወደ ኮይሉ የሚያስገባው የላይኛው ሞስፌት ሾርት ከሆነ የምትሰጡት ቮልት በቀጥታ ፕሮሰሰሩ ላይ ያርፋል፤ «19 ቮልት ሰጥቼ ይቃጠል» የሚለው ዘዴ ብዙ ደህና ፕሮሰሰር የፈጀው በዚህ መንገድ ነው። በሌላ በኩል፣ የፕሮሰሰሩ ኮይል ወደ ግራውንድ ሲለካ ጥቂት ኦም ማሳየቱ ተፈጥሮው ነው፤ ሾርት ብላችሁ አትድከሙ።

ድክመት አለው። ስክሪኑ ቁጥሩን በሴኮንድ ውስጥ ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚያድስ፣ ቦርዱ ቶሎ ቶሎ ሲሞክር የሚፈጠረው ጭላንጭል ያመልጠዋል፤ እዚህ ላይ አሮጌው ባለ መርፌ አምፒር ሜትር ይበልጠዋል። ቀጭን ገመድ ከተጠቀማችሁ 3 አምፒር ላይ ቮልቱ መንገድ ላይ ይቀራል፦ ስክሪኑ 1.00 እያለ ቦርዱ ላይ የሚደርሰው ያነሰ ነው፤ ወፍራምና አጭር ገመድ ይሠራለት። በዝቅተኛ ቮልት ብዙ አምፒር ሲሰጥ ትርፉ ሁሉ ውስጡ ሙቀት ስለሚሆን፣ ከኋላው አየር ማስወጫ ቦታ ይተውለት።

በዩኤስቢ ሲ ብቻ ቻርጅ ለሚደረጉ ላፕቶፖች ግን በሶኬቱ በኩል አይጠቅምም። እነሱ መጀመሪያ 5 ቮልት ይቀበሉና 20 የሚጠይቁት ከቻርጀሩ ጋር ተነጋግረው ነው፤ ይህ ዕቃ መነጋገር አይችልም። ለእነሱ በገመዱ መሃል የሚገባ የዩኤስቢ ሲ መለኪያ ያስፈልጋል። መሃል ፒን ያላቸው የዴል ሶኬቶችም መታወቂያ ስለማያገኙ ባትሪ አይሞሉም፤ ቦርዱ ግን ይነሳል፣ ለምርመራም ይኸው ይበቃል።

ስሙ መጨረሻ ላይ ፒ ያለበት ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ ነው፤ ለጥገና ቤት ዲው በቂ ነው፣ ለኮምፒውተር መገናኛ ሶኬቱ ተጨማሪ ገንዘብ አታውጡ። ከመሰካቱ በፊት የግቤት መምረጫው 220 ላይ መሆኑን እዩ።