የኪራይ መሬት ወይስ የተቀመጠ ገንዘብ?

ኒው ዮርክ የሚገኘው ኩፐር ዩኒየን ኮሌጅ ምህንድስናን ጭምር በነጻ ያስተምር የነበረው በለጋሾች ሀብት ነው። ዝነኛው የክራይስለር ሕንጻ የቆመበት መሬት የኮሌጁ ነው፤ ኪራዩ የተማሪውን ክፍያ ለመሸፈን ይረዳ ነበር። ማሳቹሴትስ ያለውን ኦሊን የምህንድስና ኮሌጅ ደግሞ በ1997 (እ.ኤ.አ.) የወለደው የአንድ ፋውንዴሽን ገንዘብ ነው፤ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ።

ለመምህር ከሆነ ኦሊንን እመርጣለሁ። መደበኛው ትምህርት ሳይጀመር መምህራኑ ከ30 ተማሪዎች ጋር ተቀምጠው ሥርዓተ ትምህርቱን አንድ ዓመት ሙሉ ሲፈትሹ ነበር። እንዲህ ያለ ጊዜ የሚገዛ ስጦታ ብርቅ ነው።

ለተማሪ ግን ሁለቱም አላዛለቁም። ኦሊን ከ2008ቱ የዓለም የገንዘብ ቀውስ በኋላ ለተማሪዎቹ ይሰጥ የነበረውን ሙሉ ስኮላርሺፕ በ2010 በግማሽ ቀነሰ። ኩፐር መሬቱን አስይዞ 175 ሚሊዮን ዶላር ተበደረ፤ በ2014 ማስከፈል ጀመረ። ኦሊንን ገበያ ጎዳው፤ የኩፐር ጥፋት የራሱ ነው።