የሄንለ የቤትሆቨን ሶናታዎች ቅጽ 2፦ ወራት ከተጫወትኩበት በኋላ፣ በተለይ ስለ ቅስቶቹ

ይሄ ሰማያዊ መጽሐፍ (ሄንለ የሚባለው የኖታ አሳታሚ ያወጣው) ከገዛሁት ጀምሮ ፒያኖው ላይ ተዘርግቶ ነው የሚውለው። ወረቀቱ ወፍራም ነው፣ ማሰሪያው እስካሁን አልላላም፣ በሱ በኩል ሰላም ነው። እኔን የገዛኝ ግን ስለሮቹና ታዮቹ ናቸው (ስለር ኖታዎችን ሳይቆራረጡ እንዲጫወቱ የሚያያይዝ ቅስት ነው፣ ታይ ደግሞ አንድ አይነት ሁለት ኖታዎችን አስሮ እንደ አንድ ረጅም ኖታ የሚያስይዝ ቅስት)።

በፊት የምጠቀመው ከኢንተርኔት በነፃ ያወረድኩትን የ19ኛው ክፍለ ዘመን እትም ነበር። የዛን ጊዜ አዘጋጆች ብዙዎቹ የራሳቸውን አጨዋወት ኖታው ላይ ይጨምሩበታል፣ የቱ የቤትሆቨን የቱ የነሱ እንደሆነ አታውቅም፣ አጫጭሮቹን ስለሮች ቀጣጥለው አንድ ረጅም ቅስት ያረጓቸዋል። ኦፐስ (የሥራ ቁጥር ማለት ነው) 31 ቁጥር 2ን እዩት፣ ቴምፔስት የሚባለውን፣ አሌግሮው (ፈጣኑ ክፍል) ላይ ሁለት ሁለት ኖታ እየተያያዘ ነው የሚሮጠው፣ የመጀመሪያው ጫን ሁለተኛው ቀለል ሲል ነው ያ የሚያለከልክ ስሜት የሚመጣው (ሊዮፖልድ ሞዛርትም በ1756 የቫዮሊን መማሪያው ላይ ከስለር ስር ያለው የመጀመሪያ ኖታ ጠንከር ይበል ብሏል)። በአንድ ረጅም ሌጋቶ (ሳይቆራረጥ በተያያዘ አጨዋወት) ስትጠቀልለው የጣት ልምምድ ሆኖ ይቀራል።

እዚህኛው ላይ አዘጋጁ የጨመረው ነገር በቅንፍ ነው ያለው። ያው ዜማ ተመልሶ ሲመጣ ስለሩ ከበፊቱ ቢለይ ቤትሆቨን ረስቶት ነው ተብሎ በግድ አይስተካከልም፣ ደስ ያለኝም እሱ ነው፤ ሰውየው እኮ በ1825 ኳርቴቱን (ለአራት ባለ አውታር መሳሪያ የጻፈውን ሥራ) ሲገለብጥለት ለነበረው ለካርል ሆልዝ ስለሮቹን ልክ እንዳሉ አስቀምጥ ብሎ የጻፈ ሰው ነው።

ግን መጽሐፉ ሁሉንም ይፈታልሃል ማለት አይደለም። ኦፐስ 110 ሬሲታቲቩ (እንደ ንግግር የሚጫወተው ክፍል) ላይ አንድ ላ ኖታ ይደጋገማል፣ ሁለት ሁለቱ በታይ ታስረው፣ የጣት ቁጥሩ ደግሞ 4 ከዛ 3፣ ማለትም በ4ኛው ጣት ከዛ በ3ኛው። ታይ ከሆነ ሁለተኛው አይመታም አይደል፣ ታዲያ ጣት መቀየሩ ለምን አስፈለገ? ኦፐስ 69 የቼሎ ሶናታ ስኬርዞ (ፈጣኑ፣ ተጫዋቹ ክፍል) ላይም እንደዚሁ አለ፣ የቤትሆቨን ተማሪ የነበረው ቼርኒ ስለዛኛው ሲጽፍ ሁለተኛው ኖታ እንዲሰማ ተደግሞ ይመታል ነው ያለው፣ ታይ ታይ ነው ብለው ዝም ብለው የሚይዙትም አሉ። መጽሐፉ ታዩንም ቁጥሩንም አስቀምጦ ለአንተ ይተወዋል። እኔ ከቼርኒ ጋር ነኝ፣ ቁልፉን ሙሉ በሙሉ ሳልለቅ በ3ኛው ጣት በጣም ቀስ ብዬ እደግመዋለሁ።

ስለዚህ ያለ አስተማሪ ለሚጀምር ሰው አልመክረውም፣ ፔዳል የት ይረገጥ ቅስቱ ሲያልቅ እጅ ይነሳ አይነሳ የሚል ምክር ፈልጎ አያገኝም። ኦፐስ 110ን በዲጂታል ፒያኖ ለምትሞክሩ ደግሞ፣ ባለ 2 ሴንሰር (የቁልፉን እንቅስቃሴ የሚለይ መሳሪያ) ከሆነ ቁልፉ በደንብ ካልተነሳ ሁለተኛው ላ ድምፅ አያወጣም፣ ባለ 3 ሴንሰር ላይ ግን ይሰራል።