የቡቺ የጉልበት ኦፕራሲዮን፦ እጃቸው አሪፍ፣ ስልካቸው ግን...

እዚህ ቨርጂኒያ ውሻ ያላችሁ ሐበሾች ከጠቀማችሁ ብዬ ነው ውሻዬን ያሳከምኩበትን የእንስሳት ክሊኒክ ነገር የምጽፈው። ቡቺ የ6 ዓመት ላብራዶር ነው፣ ኳስ ሲያባርር ድንገት ጮኸና የኋላ ቀኝ እግሩን አንጠልጥሎ ቀረ፣ እኔ ወለምታ መስሎኝ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳሽለት ከረምኩ (አትሳቁ)። ለካ የጉልበቱ ጅማት ተበጥሷል፣ ሜኒስከስ የሚሉት በአጥንቶቹ መሀል ያለው ትራስ ነገርም ተቀዷል። ሐኪሟ ጉልበቱን ይዛ የታችኛውን አጥንት ወደፊት ስትገፋው እንደ ላላ መሳቢያ ሲንሸራተት በዓይኔ አየሁ።

የሰሩለት ቲፒኤልኦ የሚባለውን ነው፣ ጅማቱን አይሰፉትም፣ የቅልጥሙን አናት ቆርጠው ትንሽ ያዞሩትና በብረትና በብሎን ያስሩታል፣ ከዛ ሲረግጥ ጅማቱ ባይኖርም አጥንቱ ወደፊት አይንሸራተትም። የተቀደደውን ሜኒስከስም ቆርጠው አወጡለት። ሒሳቡ 5,800 ዶላር! እማዬ ይሄ ብር አገር ቤት ስንቱን ያስተዳድር ነበር ብላ ሳምንት አኮረፈችኝ።

ስራቸው ግን 10 ከ10። በማግስቱ እግሩን መሬት ማስነካት ጀመረ፣ በ8ኛው ሳምንት ራጅ ሲነሳ አጥንቱ ገጥሟል። ያበሳጩኝ ስልክ ላይ ነው፣ ቁስሉ አብጦ ማታ ስደውል 40 ደቂቃ ሙዚቃ አስደመጡኝ። ቁስሉን እንዳይልስ አንገቱ ላይ ያጠለቁለት ፕላስቲክ ደግሞ የቤቴን በር ሁሉ ጫረው። ሌላኛው ጉልበትም ብዙ ጊዜ ይከተላል ስላሉኝ ክብደት እያስቀነስኩት ነው፣ ፍርፋሪ ክልክል ብያለሁ፣ እማዬ ግን ተደብቃ እንጀራ ታጎርሰዋለች።