«ያልተገደበ ጉዞ» የሚለውን የከተማ ባቡር ፓስ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ወደ አንድ ትልቅ ከተማ የአውሮፕላን ትኬት በቆረጣችሁ ማግስት ስልካችሁ ላይ «3 ቀን ያልተገደበ ባቡርና ሜትሮ፣ የሙዚየም ቅናሽ ጭምር» የሚል ማስታወቂያ መምጣቱ አይቀርም። ኤርፖርት ስትደርሱም ያው ፓስ ከሻንጣ መረከቢያው አጠገብ ይጠብቃችኋል። ፓሱ ሐሰተኛ አይደለም፤ አጭበረበሩኝ ብላችሁ ብትከሱም አይረታላችሁም። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የከተማው ነዋሪ በተራ ካርዱ ባነሰ ዋጋ የሚሄድበትን መንገድ ነው አስውበው የሚሸጡላችሁ።

መጀመሪያ ሂሳቡን ሥሩ። የፓሱን ዋጋ ለነጠላ ትኬት ዋጋ አካፍሉት፤ የምታገኙት ቁጥር ገንዘባችሁን ለመመለስ ስንት ጊዜ መሳፈር እንዳለባችሁ ይነግራችኋል። ነጠላው 3፣ የ3 ቀኑ ፓስ 45 ቢሆን 15 ጉዞ ያስፈልጋል፤ በቀን 5 መሆኑ ነው። ከተማ የሚጎበኝ ሰው ጠዋት ወደ መሃል ይገባል፣ ከሰዓት ሰፈር ይቀይራል፣ ማታ ይመለሳል። ይህ 3 ነው፣ ቢበዛ 4። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ባቡር መቀየርን እንደ አዲስ ጉዞ ሲቆጥር ነው። ፓሪስ ውስጥ በአንድ ትኬት ሜትሮ ይዛችሁ፣ ከጣቢያ ሳትወጡ ሌላ መስመር ብትቀይሩ፣ ከዚያም ሦስተኛ ብትጨምሩ የከፈላችሁት የአንድ ጉዞ ነው። ሂሳባችሁን በመቀየሪያ ጣቢያ ሳይሆን በመድረሻ ብዛት አስሉት።

ፓስ ዋጋ ቢስ የሚሆንበትን መንገድ ለማየት ከለንደን የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። እዚያ ኦይስተር የሚባለው የከተማው የትራንስፖርት ካርድ ወይም በማስነካት የሚከፍል የባንክ ካርድ የቀን ጣሪያ አለው፤ ክፍያው ጣሪያው ላይ ሲደርስ የቀኑ ቀሪ ጉዞ አይቆረጥባችሁም። ከሰኞ እስከ እሁድ የሚቆጠር የሳምንት ጣሪያም አለ። ብዙ ከሄዳችሁ ካርዱ ራሱ ፓስ ይሆንላችኋል፣ ትንሽ ከሄዳችሁ የሄዳችሁበትን ብቻ ትከፍላላችሁ። የከተማው መሃል በሆኑት ዞን 1 እና 2 ውስጥ ለሚውል ሰው ትራቭልካርድ የሚባለውን የወረቀት የቀን ፓስ መግዛት ማለት ከጣሪያው የበለጠ ገንዘብ አስቀድሞ መክፈል ነው።

ጣሪያው የሚሠራው ግን ሲገቡም ሲወጡም ያንኑ ካርድ ካስነኩ ብቻ ነው። ከሂትሮው ኤርፖርት በስልካችሁ ገብታችሁ ፓዲንግተን ጣቢያ ላይ የፕላስቲኩን ካርድ አስነክታችሁ ብትወጡ፣ ሁለቱም ከአንድ የባንክ ሂሳብ የሚቆርጡ ቢሆኑ እንኳ ማሽኑ የሚያያችሁ እንደ ሁለት ሰው ነው፦ አንዱ ገብቶ ያልወጣ፣ ሌላው ሳይገባ የወጣ። በሁለቱም ላይ ከፍተኛው ታሪፍ ይቆረጣል። ስልኩንና ቦርሳውን አንድ ላይ ማሽኑ ላይ መለጠፍም ያው ጣጣ አለው፤ የትኛው ካርድ እንደተነበበ አታውቁም። ከመነሻው አንዱን ምረጡ፣ ሌላውን ኪሳችሁ ውስጥ አርቁት። አንድ ካርድ ለሁለት ሰው አይሆንም፤ ባልና ሚስት ከሆናችሁ ሁለት ካርድ ያዙ። ባንካችሁ በውጭ ምንዛሪ ክፍያ ላይ የሚጨምረው ካለም ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ፣ ከበዛ ኦይስተር ይሻላል።

ፓስን ከሚበሉት ነገሮች ሁሉ ግን የከፋው ዞን ነው። «የከተማ» ፓስ ሲሏችሁ ከተማው የት ላይ ያበቃል ብላችሁ ጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከኤርፖርቱ በፊት ያበቃል። በርሊን በኤ፣ ቢ እና ሲ ዞኖች ተከፍላለች፣ ኤርፖርቱም ፖትስዳምም ሲ ውስጥ ናቸው። ኤ-ቢ የሚል ፓስ ይዞ ኤርፖርት የሄደ ሰው ትኬት እንደሌለው ነው የሚቆጠረው፤ ቅጣቱ 60 ዩሮ ነው። «ቱሪስት ነኝ፣ አላወቅኩም» ማለት አያድንም፤ ተቆጣጣሪዎቹ ይህን የሚሰሙት በየቀኑ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ለዚያች አንዲት ጉዞ የዞን ማራዘሚያ ትኬት ከማሽኑ ትገዛላችሁ። የወረቀት ትኬት ከሆነ ደግሞ ከመሳፈራችሁ በፊት ፕላትፎርሙ ላይ ባለችው ሳጥን ውስጥ አስገብታችሁ ሰዓት ማስመታት አለባችሁ፤ ያልተመታ ትኬትም እንደሌለ ይቆጠራል።

ፓሪስ ውስጥ ናቪጎ ጁር የሚባለው የቀን ፓስ ከ2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ወደ ኤርፖርቶቹ በሚሄዱት ባቡሮች ላይ አያገለግልም፤ ለኤርፖርት ራሱን የቻለ ትኬት አለ። ከዚያ በፊት የተጻፉ የጉዞ ምክሮች አሁንም ኢንተርኔት ላይ ስላሉ ብዙ ሰው በእነሱ ይሳሳታል። የቪየና የከተማ ትኬቶችም ለከተማው ዋና ዞን ብቻ ናቸው፣ ኤርፖርቱ ከዚያ ውጭ ነው።

በአንድ ከተማ ውስጥ ብዙ የባቡር ድርጅት ሲኖር ደግሞ ወጥመዱ ሌላ ነው፤ እዚህ ላይ ቶኪዮን የሚያህል የለም። ጄአር በሚባለው ድርጅት ባቡሮች ላይ በሚሠራው የጃፓን የባቡር ፓስ የያማኖቴን የዙሪያ መስመር ትሳፈራላችሁ፣ የከተማውን የምድር ውስጥ ባቡር ግን አትሳፈሩበትም። የምድር ውስጡ ትኬት በተቃራኒው ያማኖቴ ላይ አይሠራም። ከናሪታ ኤርፖርት የሚነሳው ናሪታ ኤክስፕረስ በፓሱ ይካተታል፣ ከዚያው ኤርፖርት የሚነሳው ስካይላይነር ግን የሌላ ድርጅት ስለሆነ አይካተትም። ለሽርሽር ወደ ሃኮኔ ብትወጡ ፓሱ ኦዳዋራ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የተራራ ባቡር የሌላ ነው። በዚህ ላይ የ7 ቀኑ ተራ ፓስ በኦክቶበር 2023 (እ.ኤ.አ.) ከ29,650 ወደ 50,000 የን ዘለለ። ከቶኪዮ ኪዮቶ በፈጣኑ ባቡር ደርሶ መልስ ወደ 28,000 የን አካባቢ ነው። ስለዚህ ቶኪዮ ተቀምጦ አንዴ ኪዮቶ ደርሶ ለሚመለስ ሰው ፓሱ ኪሳራ ነው፤ ሱይካ ወይም ፓስሞ በሚባሉት የሚሞሉ የጉዞ ካርዶች ላይ ገንዘብ ሞልቶ ለረጅሙ መንገድ ነጠላ ትኬት መቁረጥ ይበልጠዋል። የድሮው «ጃፓን ከሄድክ መጀመሪያ ፓስ ግዛ» የሚለው ምክር ጊዜው አልፎበታል።

ሰዓቱንም አትርሱ። «1 ቀን» እና «24 ሰዓት» አንድ አይደሉም። የ24 ሰዓት ትኬት ከተመታበት ደቂቃ ይጀምራል፤ የቀን ትኬት ግን ማታ 2 ሰዓት ላይ ብትገዙትም ቀኑ ሲያልቅ ያልቃል። ሙኒክ ውስጥ የቀን ትኬት እስከ ማግስቱ ንጋት 12 ሰዓት ይቆያል፣ የጃፓኑ ፓስ ግን በካሌንደር ቀን ስለሚቆጠር ማታ ያስጀመረው ሰው አንድ ሙሉ ቀን ያቃጥላል። ፓሪስ ናቪጎ ሳምንታዊው ሁልጊዜ ከሰኞ እስከ እሁድ ነው። ሰኞ ለሚገባ ሰው ኤርፖርቱም ስለሚካተት ጥሩ ግዢ ነው፤ ሐሙስ ለሚገባ ግን ሦስቱ ቀን ባዶ ሄዷል።

ኤርፖርት ላይ በትልቁ የተጻፈው «ኤክስፕረስ» ብዙውን ጊዜ ፓስ ውስጥ አይገባም፣ ዋጋውም ለብቻው ነው። ሂትሮው ኤክስፕረስ በለንደን የቀን ጣሪያ ውስጥ አይቆጠርም፤ የኤልዛቤት መስመር ግን ከዚያው ኤርፖርት ወደዚያው ፓዲንግተን ይሄዳል። ቪየና ላይ ሲኤቲ የሚባለው የኤርፖርት ኤክስፕረስ 16 ደቂቃ ይፈጃል፣ ኤስ7 የሚባለው ተራ ባቡር ትንሽ ይዘገያል፣ ዋጋው ግን በጣም ይረክሳል። ሮም ላይ ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚወስደው ወደ ዋናው ጣቢያ ተርሚኒ ብቻ ነው። ማረፊያችሁ ትራስቴቬሬ ወይም ኦስቲየንሴ አካባቢ ከሆነ ኤፍኤል1 የሚባለው ባቡር ይረክሳል፣ ወደ ደጃችሁም ይቀርባል። ስቶክሆልምና ሲድኒ ላይ ደግሞ በተራው ባቡርም ብትሄዱ በኤርፖርቱ ጣቢያ ለማለፍ ተጨማሪ ክፍያ አለ፤ ይህን ቀድማችሁ ሂሳብ ውስጥ አስገቡ።

ከባቡር ድርጅቱ ሳይሆን በመካከል ካሉ ሻጮች የሚገዛ ሰው ሌላ ሦስት ነገር ያጣራ። አንደኛ፣ የሚላክላችሁ ትኬቱ ራሱ ነው ወይስ በቢሮ የሚቀየር ደረሰኝ? ደረሰኝ ከሆነ ማታ 5 ሰዓት ላይ ለሚያርፍ ሰው ቢሮው ዝግ ነው፣ ወደ ከተማ ለመግባት ሌላ ትኬት ይገዛል። ሁለተኛ፣ ኪውአር ኮድ ከሆነ የጣቢያው በር ያነበዋል ወይ? አንዳንዱ የሚሠራው ሠራተኛ ባለበት በር ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ የልጆች ፓስ እየሸጡላችሁ ከሆነ ልጁ መጀመሪያውኑ ይከፍል እንደሆነ እዩ፤ ለንደን ሜትሮ ላይ ከ11 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከአዋቂ ጋር በነፃ ነው።

ጀርመን ለሚቆዩ ደግሞ ዶይችላንድቲኬት አለ። ከጃንዋሪ 2026 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በወር 63 ዩሮ ነው፣ በአገሪቱ የከተማና የአካባቢ ባቡሮች ሁሉ ያስኬዳል። በከተማና በዙሪያው ብዙ ለሚዞር ሰው በእውነት ርካሽ ነው፤ ችግሩ ሌላ ነው። ትኬቱ የወር ደንበኝነት ስለሆነ በየወሩ ራሱን ያድሳል፤ ወሩ በገባ እስከ 10ኛው ቀን ካልሰረዛችሁ የሚቀጥለውን ወር ትከፍላላችሁ። አገራችሁ ከተመለሳችሁ በኋላ ሂሳባችሁ ሲቆረጥ የምታዩት በዚህ ምክንያት ነው። ፈጣኖቹ አይሲኢ፣ አይሲ እና ኢሲ ባቡሮች ላይም አያገለግልም፤ ስማችሁ ስላለበት ለሌላ ሰው ማዋስም አይቻልም።

ፓሱን ቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ አታስጀምሩት፣ አታስመቱትም። ያልተነካ ፓስ ብዙ ቦታ የተወሰነ ተቆርጦበትም ቢሆን ገንዘቡ ይመለሳል፤ አንዴ ከተነበበ በኋላ ግን ወሬው አልቋል። የመመለሻውን ጥያቄ በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ላኩ፣ ከመጀመሪያው የአገልግሎት ቀን በፊት መድረሱንም አረጋግጡ። ማስታወቂያው ኤርፖርትን ይጨምራል ብሎ ፓሱ የማይጨምር ከሆነ በካርድ የከፈላችሁ ሰዎች ለባንካችሁ ቅሬታ ማቅረብ ትችላላችሁ፤ ለዚህ ግን የማስታወቂያውን ገጽ ስክሪንሾት ዛሬውኑ አንሱት፣ ቅሬታ ከገባ በኋላ ጽሑፉ ሊለወጥ ይችላል።