ለኮሎራዶ የበረዶ ናዳ ትንበያ ሠራተኞች፦ እግዜር ይስጥልኝ

ይሄ ጽሁፍ ምስጋናም ጥቆማም ነው። ምስጋናው ለኮሎራዶ የበረዶ ናዳ መረጃ ማዕከል ባለሙያዎች ነው። ጥቆማው ደግሞ ኦሮራና ዴንቨር ላላችሁ፣ ዊንተር ሲገባ ወደ ተራራው ለምትወጡ ወገኖቼ።

ስኪ ያስለመደኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። መጀመሪያ ሊፍት፣ ማለትም ሰው ተራራው ላይ የሚያወጣ በገመድ የሚሄድ ወንበር ያለበት ቦታ እንሄድ ነበር። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ተራራውን በእግራችን እየወጣን መውረድ ጀመርን። የስኪ ማዕከላት ውስጥ አደገኛውን ቁልቁለት ሠራተኞች ገና በማለዳ በፈንጂ አራግፈው ነው የሚከፍቱት። ከአጥሩ ውጪ እንዲህ የሚያደርግላችሁ የለም።

ባለፈው ጥር አንድ ቅዳሜ በርትሁድ ፓስ የሚባለው የተራራ መተላለፊያ አካባቢ ልንወጣ ተቀጣጠርን። ሳምንቱን ሙሉ በረዶ ሲጥል ከርሞ ቅዳሜ ሰማዩ ጥርት እንደሚል ተነግሯል። አርብ ማታ ቦርሳዬን አሰናድቼ ትንበያውን ከፈትኩ። የአደጋው ደረጃ ቀለም ብርቱካናማ ነው። ከአምስት ደረጃ ሦስተኛው ማለት ነው። መሃል ስለሆነ ደህና ይመስላል፤ ግን ብዙ ሰው የሚሞተው በዚሁ ደረጃ ነው። አራትና አምስት ሲሆንማ አብዛኛው ሰው ቤቱ ይቀመጣል።

እኔን ያስቆመኝ ቀለሙ ሳይሆን ከሥሩ የተጻፈው ማብራሪያ ነው። ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ በዞሩ ቁልቁለቶች ላይ ከታች ደካማ ንብርብር እንዳለ፣ ከሩቅ ሆነንም ልንቀሰቅሰው እንደምንችል ይናገራል። የኮሎራዶ በረዶ ስስ ነው፣ ብርዱ ደግሞ ኃይለኛ። መሬቱ ጋ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ላዩ በጣም ሲቀዘቅዝ፣ መጀመሪያ የጣለው በረዶ ቅርጹን ለውጦ እርስ በርሱ የማይያያዝ ፍርፋሪ ይሆናል። አዲሱ በረዶ እንደ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይጫነዋል። ጠፍጣፋው ከተሰነጠቀ ሁሉም አንድ ላይ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ የሚሰነጥቀው ደግሞ ራሱ ስኪ የሚሄደው ሰው ነው።

ለባልደረባዬ ደወልኩለት። ቁልቁለቱ ከ30 ዲግሪ በታች የሆነ፣ ናዳ ብዙ ጊዜ የማይነሳበት፣ ከላዩም ገደል የሌለበት ጫካ መረጥን።

እዚያ እየሄድን ከእግራችን ሥር ዉምፍ የሚል ድፍን ያለ ድምፅ ሰማን። የቆምንበት በረዶ ትንሽ ዝቅ አለ፤ ከታች ያለው ደካማ ንብርብር ሲደረመስ ነው። ልቤ ቀጥ አለች። ቦታው ለጥ ያለ ስለነበር የሚንሸራተት ነገር አልነበረም። አካፋ አውጥተን እስከ ወገባችን ቆፈርን። ላዩ ጣት አያስገባም። መሬቱ ጋ ያለውን ስዘግነው ከጓንቴ ላይ እንደ ስኳር ፈሰሰ። ልጠፈጥፈው ጨመቅሁት፣ እምቢ አለ። ባልደረባዬ ምንም ሳይናገር እጄን ያያል። መጀመሪያ ያሰብነው ቁልቁለት ከቆምንበት ይታይ ነበር። ወደ ሰሜን ምሥራቅ የዞረ፣ 38 ዲግሪ ገደማ።

ትንበያው በዊንተር በየቀኑ አመሻሽ ላይ ለነገው ይወጣል። በነጻ ነው። ካርታው ላይ የምትሄዱበትን ቦታ ንኩ፤ ቀለሙን ብቻ አይታችሁ አትዝጉት፣ እስከ ታች አንብቡት። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ልጆቻችሁ ያንብቡላችሁ። ቢከን (የተቀበረን ሰው በሬዲዮ ምልክት የሚያሳይ መሣሪያ)፣ ፕሮብ (በረዶ ውስጥ እየወጉ የሚፈልጉበት ረጅም ዘንግ) እና አካፋ እያንዳንዱ ሰው ይያዝ። የተቀበረ ሰው በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ከወጣ የመትረፍ ተስፋው ትልቅ ነው፤ ከዚያ በኋላ በፍጥነት ይወርዳል። ከከተማ የሚመጣ እርዳታ አይደርስላችሁም። መሣሪያ ብቻውንም አያድንም፤ በኤፕሪል 2013 ላቭላንድ ፓስ አቅራቢያ በአንድ ናዳ የሞቱት አምስት ሰዎች መሣሪያ ይዘው ነበር።

ስኪ ለማትሄዱትም ቢሆን ሥራቸው ይደርሳችኋል። አይ-70 አውራ ጎዳና ላይ ትራክ የምትነዱ ወንድሞች፣ ናዳ ሲያሰጋ መንገዱ የሚዘጋው የእነዚሁ ሰዎች ትንበያ እየታየ ነው። ነዳጅ የጫነ ቦቴ የምትነዱ ደግሞ በአይዘንሃወር ዋሻ ማለፍ በአብዛኛው ስለማይፈቀድላችሁ በላቭላንድ ፓስ ትዞራላችሁ፤ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

የዚያን ዕለት ማታ የጉድጓዱን ፎቶና የሰማነውን ድምፅ ጽፈን ላክንላቸው። ማንም ሰው መላክ ይችላል። እናንተም ያያችሁትን ላኩላቸው፤ ለነገው ትንበያ ይጠቅማቸዋል።

በዚያ ብርድ ጉድጓድ እየቆፈራችሁ፣ ለማታውቁት ሰው የምትጽፉ ባለሙያዎች፣ እኔ ያን ቅዳሜ ማታ ከልጆቼ ጋር ራት በልቻለሁ። እጃችሁ ይባረክ።