ቢሾፍቱ ላላችሁ፦ የእናቴን ዶሮ እግር ያዳነችልን ሐኪም

ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ፋሻው እስኪፈታ ብዬ ነው የዘገየሁት። ትናንት ተፈታ። ዶሮዋ ሁለቱንም እግሯን መሬት ላይ አሳርፋ ግቢውን ዞረች፤ ከእናቴ በርጩማ ሥር የወደቀ የዳቦ ፍርፋሪ ለቅማ ሄደች።

ዶሮዋ ገብስማ ናት፤ የምንጠራትም ገብስማ ብለን ነው። በ2010 ዓ.ም. እዚሁ ግቢያችን የተፈለፈለች የአበሻ ዶሮ ናት። አብረዋት ከተፈለፈሉት አንዳንዶቹን ጭልፊት ወሰዳቸው፣ አንዳንዶቹን ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ጨረሳቸው፣ የቀሩት ለበዓል ሆኑ። እሷ ቀረች። አባቴ ካረፈ ወዲህ እናቴ ጠዋት ተነስታ መጀመሪያ የምታናግረው እሷን ነው። የዶሮ ቤቱን በር ስትከፍት "እንዴት አደርሽ፣ ገብስማዬ" ትላለች። እኔ ገና አልጋ ላይ ሆኜ እሰማታለሁ።

የካቲት ላይ ማነከስ ጀመረች። አንድ እግሯን ሰብስባ መቆም አበዛች። ዕድሜ ነው ብለን ዝም አልን፤ በዚህ እስካሁን ይቆጨኛል። አንድ ቀን እናቴ አቅፋ ውስጥ እግሯን ስታሳየኝ መሐሉ ላይ ጥቁር ክብ ቅርፊት ተጋግሯል፣ ዙሪያው አብጧል፣ ሲነኩት ይፋጃል። የቅልጥሟ ቅርፊትም ሽቅብ ተነስቶ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሏል።

ሰው ሁሉ አንድ ነገር ነው ያለን፦ "ፋሲካ ደርሷል፣ ምን ያስጨንቃችኋል።" እናቴ መልስ አልሰጠችም። አንድ የእንስሳት መድኃኒት መሸጫ ሄድኩ። ሻጩ ዶሮዋን ሳያይ ቴትራሳይክሊን የሚባል ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒት ሰጠኝ፣ ዶሮዎቹ በሚጠጡት ውሃ በጥብጥላቸው አለኝ። አምስት ቀን ሰጠናት። ምንም ለውጥ የለም።

ላም የምታረባ ጎረቤታችን ናት የሐኪሟን ስልክ የሰጠችኝ። ስደውል ገና ከሰላምታው "ለአንዲት ዶሮ ብዬ ነው፣ ይቅርታ" አልኩ። እሷ ግን "ስንት ዓመቷ ነው?" ብላ ነው የጠየቀችኝ። ቀጥላ ትበላለች ወይ፣ ኩሷ ምን ይመስላል፣ ማታ የምትሰፍረው ምን ላይ ነው አለች። ስለ ገብስማ እንዲህ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ቅዳሜ ከሰዓት በባጃጅ መጣች። መጀመሪያ ዶሮዋን አልነካቻትም። ቆማ አረማመዷን አየች። ከዚያ የዶሮ ቤቱ ውስጥ ገባች፣ ቆጡን በእጇ ዳሰሰች፣ ከመሬት እስከ ቆጡ ያለውን በዓይኗ ለካች። "እማማ፣ ችግሩ እዚህ ነው" አለች እናቴን። ቆጡ ከኔ ደረት ይደርሳል፤ የተሠራው ከተፈለጠ የባሕር ዛፍ አጣና ነው፣ ጠርዙ ስለት አለው። ዶሮዋ አርጅታለች፣ ከብዳለች፤ በየማለዳው ከዚያ ላይ ዘላ የምትወርደው ኮረት ላይ ነው። ውስጥ እግሯ ትንሽ ይሰነጠቃል። በዚያች ስንጥቅ ባክቴሪያ ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ስታፊሎኮከስ የሚባለው ነው፣ ሰውንም ስለሚይዝ እኛም ጓንት እንድናደርግ ነገረችን።

ከዚያ የእናቴን አሮጌ ነጠላ ተቀብላ ገብስማን ጠቀለለቻት፣ ጭንቅላቷንም ሸፈነችላት። ጨለማ ሲሆን ዶሮ ጸጥ ትላለች። እኔ ጠበቅ አድርጌ ስይዛት ወዲያው እጄን አላላችው። "ደረቷን አትጫናት። ዶሮ እንደኛ ድያፍራም፣ ከሳንባ ሥር ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ የላትም፤ ደረቷ ካልተንቀሳቀሰ አየር አታገኝም፣ እጅህ ላይ ትሞትብሃለች።" ዕድሜዬን ሙሉ ዶሮ ስይዝ ይህን አላውቅም ነበር።

እግሯን ጨው ባለበት ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ያህል ዘፈዘፈችው። ሰዓቷን እያየች፣ ውሃው ሲቀዘቅዝ እየጨመረች። ቅርፊቱ ሲርስ ዙሪያውን ቀስ ብላ አላቀቀችው። ከሥሩ የወጣው ነገር ሽምብራ ያህላል፤ ነጣ ብሎ ቢጫ፣ ጠጣር። የወፍ መግል እንደ ሰው አይፈስም አለችን፣ እንደ አይብ ይጋገራል። ለዚህ ነው በውሃ የሰጠናት መድኃኒት ምንም ያልሠራው፤ እዚያ ድረስ አይደርስም። ገብስማ አንዴ ብቻ ተንፈራገጠች። እናቴ ከነጠላው ውጭ በቀረው ጭራዋ ላይ እጇን አሳርፋ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ስትጸልይ ነበር።

ቁስሉን በቀጠነ አዮዲን አጠበችው፤ ቀለሙ ቀጭን ሻይ እስኪመስል ነው የምታቀጥነው። ጎዝ አደረገችበት፣ በጣቶቿ መሐል እያሳለፈች በፋሻ አሰረችው። መርፌ አልወጋቻትም። እብጠቱ ወደ ቁርጭምጭሚቷ ስላልወጣ አያስፈልግም አለች። ከወጣ ግን፣ ወይ መብላት ካቆመች፣ ሌሊትም ቢሆን ደውል አለችኝ። መድኃኒት ሸጣ መሄድ ትችል ነበር። አላደረገችውም።

ስለ ቴትራሳይክሊኑ ስነግራት "ሌሎቹም ከዚያ ውሃ ጠጥተዋል? እንቁላላቸውን በልታችኋል?" አለች። በልተናል። መድኃኒቱ እንቁላል ውስጥ እንደሚገባ ያን ቀን ነው የሰማሁት። የተወሰነ ቀን እንቁላሉን እንድንደፋ ነገረችን፣ ደፋን።

ቅልጥሟ ላይ ያለው በዓይን የማይታይ ትንሽ ተባይ ነው፣ ቅርፊቱ ሥር ገብቶ የሚኖር። ያረጁ ዶሮዎችን በብዛት ያጠቃል። እናቴ በልጅነቷ ያየችውን አስታውሳ ላምባ እንቀባት ወይ ብላ ጠየቀች። ሐኪሟ የእናቴን እጅ ይዛ "እማማ፣ ላምባ ቆዳዋን ያቃጥላታል፤ ቫዝሊን ይቀቡላት" አለቻት። በሳሙና ውሃ ለስላሳ በሆነ የጥርስ ብሩሽ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ቫዝሊኑን ወፈር አድርጎ መቀባት፤ ተባዩ አየር አጥቶ ይሞታል። ይህ ጊዜ ይፈልጋል፣ እኛም ገና አልጨረስንም። የተነሳው ቅርፊት ግን እየረገፈ ነው።

መኖዋንም አስቀየረችን። እንቁላል መጣል ካቆመች ቆይታለች፣ እኛ ግን ከሌሎቹ ጋር የእንቁላል ጣይ መኖ እንሰጣታለን። በዚያ መኖ ውስጥ ከመቶ አራት እጅ የሚጠጋው ካልሲየም ነው። የማትጥል ዶሮ ያን ሁሉ ምን ታድርገው፤ ኩላሊቷን ይጎዳታል። አሁን የቄብ መኖ ነው የምትበላው።

ለሌሎቹ ዘጠኝ ዶሮዎቻችን የፈንግል ክትባት በዓይናቸው ጠብ አደረገችላቸው። ገብስማን አልከተበቻትም፤ ክትባት ለጤነኛ ነው፣ ስትድን እመለሳለሁ አለች። ተመልሳም መጣች።

እኔ በነጋታው ቆጡን አወረድኩት፤ አሁን ከጉልበቴ በታች ነው። ክብ እንጨት ገዝቼ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፣ ከሥሩ ደረቅ ሰጋቱራ ወፈር አድርጌ አነጠፍኩ። ፋሻውን በየሁለት ቀኑ የምቀይረው እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ቀን እጄ ሲንቀጠቀጥ ቪዲዮ ደውዬላት ከፍተኛ ትዕግሥት በተሞላበት ድምፅ ከጫፍ እስከ ጫፍ መራችኝ። ለዚያ ሳንቲም አልተቀበለችኝም።

ስሟን እዚህ እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ አልጽፍም። እህቴ፣ አንቺ ግን ስታነቢው ታውቂዋለሽ። እጅሽ ይባረክ። እናቴ "ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ በልልኝ" ብላኛለች። በመጨረሻው ቀን ስትመጪ አንቺን ሳታስፈቅድ ቦርሳሽ ውስጥ እንቁላል የከተተችው እሷ ናት፤ አትቆጪያት።

ዶሮም በሉ በግ፣ ላምም በሉ አህያ፣ ቢሾፍቱና አካባቢዋ ያላችሁ የሚታመም እንስሳ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልኳን እሰጣችኋለሁ። ለሰው እንድሰጥ ፈቅዳልኛለች። በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ብትደውሉ ይሻላል። የእግር ችግር ከሆነ አስቀድማችሁ ውስጥ እግሩን ከሥር፣ በቀን ብርሃን ፎቶ አንሱና ላኩላት። የዶሮ ቤቱን ቆጥም ጨምሩበት፣ መጠየቋ አይቀርም።